ጧፍ ያዥ

በቤታችን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ጧፍ መያዝ ነበር። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የጎንደር ሌሊት፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ብርዱ ከወለሉ እየተነሣ ቁርጭምጭሚት ይቆረጥማል። አባቴ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል። ዳዊቱን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ይሳለመዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የት አለ የኔ ጧፍ ያዥ?» ይላል። እኔም ከአያቴ ከእማሆይ ጉያ ብድግ እልና ዓይኔን እያሻሸሁ ከጎኑ እቆማለሁ።

ጧፉን ለኩሶ ይሰጠኛል። በሁለት እጄ ይዤ ወደ መጽሐፉ አስጠጋለሁ። በጣም ካስጠጋሁት ሰሙ ገጹ ላይ ይንጠባጠባል፤ ካራቅሁት ደግሞ ፊደሉ ይጨልማል። ያቺ አንድ ስንዝር የምትሆን ርቀት የኔ ኃላፊነት ነበረች። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ ለሳምንቱ ቀናት ስለሚደለደል፣ ሰኞ ሦስት ንጉሥ ይደገማል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ የኔ ነበር። እሱ ሲያልቅ ታላቅ እህቴ ትረከበኛለች፤ እኔም ወደ እማሆይ ጋቢ እመለሳለሁ።

ግእዙ አይገባኝም ነበር። ድምፁ ግን ገብቶኛል፤ የት ላይ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ላይ አባቴ አንገቱን ደፋ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አንድ ሌሊት መካከል ላይ ዝም አለ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ሳላስበውም፣ ቀጣዩን ቃል እኔ አልሁት። አባቴ ምንም አልተናገረም። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ከዚያው ከቃሉ ቀጠለ። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያ እጅ የከበደ ምስጋና ግን አላገኘሁም።

አንድ ነገር ብቻ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ጧፉ ተቃጥሎ ወደ ጣቴ ሲቀርብ፣ ገና ሳልጮህ፣ አባቴ ንባቡን ሳያቋርጥ ሌላ ጧፍ ለኩሶ ያቀብለኛል። ዓይኑ መጽሐፉ ላይ ሳለ ጣቴን እንዴት ነው የሚያየው? መልሱን ለማግኘት 30 ዓመት ያህል ወሰደብኝ።

ጧፉንም የምንሠራው ራሳችን ነበርን። እማሆይ ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ጥጡን እሳቸው ባዝተው ይፈትሉታል፤ እናቴ ሰሙን በሸክላ ታቀልጣለች። ክሩ የቀለጠው ሰም ውስጥ እየተነከረ ሲወጣ ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ወደ ኋላዬ እየሄድሁ ከምድጃው እስከ በሩ እወጥረዋለሁ። «ቀጥ አድርገህ ያዘው የኔ ጌታ፤ የተጣመመ ጧፍ ሲበራ ያለቅሳል» ይሉኛል እማሆይ። ቤቱ በሙሉ ማር ማር ይሸታል። ቅዳሜ ማታ የሠራነው ጧፍ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲበራ ሳይ፣ ከዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ የኔ የትኛው እንደሆነ እፈልግ ነበር። የራሱ ጧፍ የሚበራበት ቤት ለልጅ እንግዳ ቤት አይሆንበትም።

የምናስቀድሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈው ማለት ነው። ንብ ወጥቶ እንዳባረራቸው የጎንደር ሰው ሁሉ ይናገራል። እማሆይ ይህን ሲተርኩልን ንቦቹን የሚያውቋቸው ይመስሉ ነበር። ግቢውን የከበበው ቅጥር ላይ 12 ግንቦች አሉ፤ በ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ የቆሙ ናቸው ይባላል። እማሆይ እጄን ይዘው ዙሪያውን ሲያዞሩኝ በያንዳንዱ ግንብ ሥር ቆመው «ይሄስ ማነው?» ይሉኛል። ጴጥሮስ፣ እንድርያስ፣ ያዕቆብ፣ ዮሐንስ እያልሁ እቆጥራለሁ። የተረሳኝ ሐዋርያ ካለ ግንቡን አናልፍም፤ እስከማስታውስ ድረስ ድንጋዩ ላይ ቁጭ እንላለን። በርተሎሜዎስ ሥር ብዙ ተቀምጠናል።

ውስጥ ስንገባ ደግሞ ጣሪያው አለ። ሥላሴን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከዳር እስከ ዳር ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ትላልቅ ዓይኖቻቸውን ወደ ታች ያደርጋሉ። የሰንበት ቅዳሴ ለልጅ ረጅም ነው፤ እግር ይዝላል፣ ሐሳብ ይበተናል። እማሆይ ግን አንድ ዘዴ ነበራቸው። «አንዱን መልአክ ምረጥና ጠብቀው። ዓይኑን ከአንተ ላይ ካነሣ ንገረኝ» ይሉኛል። የመረጥሁት ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ አንድ ቅንድቡ ከፍ ያለ የሚመስለውን ነበር። ስንት እሑድ ጠበቅሁት! አንድም ቀን ዓይኑን አላነሣም። እግዚአብሔር ያየኛል የሚለውን ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረኝ ያወቅሁት እዚያ ነው። የፍርሃት እይታ ሆኖ አልተሰማኝም፤ ሰልችቶኝ ሳለሁ ያልሰለቸኝ ዓይን ነበር።

ወር በገባ በ12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ አለ። ተራው የኛ ሲሆን ቤቱ ከሦስት ቀን በፊት ይታመሳል። ጠላው ይጠመቃል፣ ድፎ ዳቦው በኮባ ይጋገራል፣ እህቴ ቄጠማውን ትጎዘጉዛለች። የነፍስ አባታችን ጥላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መስቀላቸውን ግንባራችንንም ከንፈራችንንም ያስነኩናል። የኔ ሥራ እንግዶቹን ማስታጠብ ነው። እኔ ማንቆርቆሪያውን፣ እህቴ ሳፋውን ይዘን ከሙሴው ጀምረን በየተራ እንዞራለን። ውኃውን ያፈሰስሁለት ሽማግሌ ሁሉ እጁን እያራገፈ «እደግ! ተመንደግ! እንደ ዋርካ ስፋ!» ይለኛል። 20 ሰው ካለ 20 ምርቃት ነው። ሌሊት ስተኛ የምርቃቱን ብዛት እቆጥር ነበር።

የማኅበሩ ደንብ ጥብቅ ነው፤ የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ከአንድ ጽዋ አይጠጣም። አንድ ወር አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ምክንያት ተቀያይሞ ነበር። እኛ ልጆች ሁሉን እናውቃለን፤ ማታ ማታ የሚባለውን ሰምተናል። ጽዋው ሲቀርብ ሙሴው አባቴንና ጎረቤታችንን በየስማቸው ጠሯቸው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ያ በጎልማሳነቱ የምፈራው፣ በግቢያችን ቃሉ ሕግ የሆነው አባቴ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ የጎረቤቱን ጉልበት ሊይዝ ሲል ሰውየው ቀድመው አቀፉት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። አባቴ ወደ ቦታው ሲመለስ ዓይናችን ተጋጨ። አላፈረም፤ እንዳየሁበትም አልደበቀም። በኋላ ስለ ንስሐ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስብከቱ በተነሣ ቁጥር የሚታየኝ ግን አባቴ ጎንበስ ያለበት ቄጠማ ነው።

ሰባት ዓመት የሞላኝ በ1979 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመት ማለት ፍልሰታን መጾም ማለት ነው፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾሙ እስኪፈታ። የክረምት ጊዜ ስለሆነ ትምህርት የለም፤ የሠፈሩ ልጅ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ቅዳሴ ይገባል፣ 9 ሰዓት ገደማ እንቆርባለን። የኔ የዚያ ክረምት ሥራ የእማሆይን ጥላ መያዝ ነበር። ከቁመቴ ይበልጣል፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ጥላው እኔን ይዞኝ ይሄድ ይመስለኛል። ጭቃውን እያማረጥን ዳገቱን ስንወጣ እማሆይ ሆን ብለው ዝግ ይላሉ፤ እኔ ግን በኔ ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸውን የማደርሳቸው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ 11 ቀን ተሰናከልሁ። ጠዋት ከጓደኛዬ ግቢ እሸት በቆሎ ይጠበስ ነበር። ሽታው! አንድ ጥርስ ብቻ ብዬ ግማሹን ጨረስሁት። ከዚያ ፈጥኜ አፌን አጥቤ ጥላዬን ይዤ ከእማሆይ ጋር ዳገቱን ጀመርሁ። መንገዱን በሙሉ ዝም አልሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ አልቻልሁም፤ «እማሆይ፣ በቆሎ በላሁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አውርደው ጠቀለሉኝና ከግድግዳው ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ወሰዱኝ። «እንግዲያስ ዛሬ ከዚህ ሆነን ነው የምናስቀድሰው» አሉ። ቅዳሴውን በሙሉ ከኔ ጋር ከውጭ ቆሙ። ሲሰገድ ሰገዱ፣ ሲባል አሉ፤ እኔም እንደሳቸው። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ «ላንተም እለምንልሃለሁ፤ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» ብለውኝ ገቡ። እንደዚያ ብቸኛ የሆንሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጓደኞቼ ሁሉ ውስጥ ናቸው።

ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጥለት ሸፍነዋል። የቆረበ ሰው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ አይናገሩም። አጠገቤ ቁጭ አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም፤ እጃቸው ግን ከራሴ ላይ አልተነሣም። ጥላውን ያን ቀን የያዙት እሳቸው ናቸው። ማታ ስንተኛ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ነገ አብረን እንገባለን።»

በማግሥቱ ገባን። ከቆረብሁ በኋላ እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አፌን ሸፈኑልኝ። ነጠላው ዕጣን ዕጣን፣ ሰም ሰም፣ እሳቸውን እሳቸውን ይሸት ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በዚያ ሽታ ውስጥ ቆምሁ። ዛሬም ምሕረት ሲባል የሚሸተኝ እሱ ነው።

ከዚያ በማግሥቱ ደግሞ ቡሄ ሆነ፤ ነሐሴ 13። በ40 ቀኔ ክርስትና ያነሡኝ የክርስትና አባቴ ሙልሙል ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። የክርስትና ልጅ ሙልሙሉን ከክርስትና አባቱ መቀበሉ የቆየ ወግ ነው። ጅራፉን አባቴ ገምዶልኛል። ማታ ችቦው ሲበራ እማሆይ የቡሄን ነገር ተረኩልን፤ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ እረኞቹ ልጆች ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው መስክ ላይ ቆዩ። ወላጆቻቸው ጨነቃቸው። ችቦ ለኩሰው፣ ዳቦ ይዘው ልጆቻቸውን ፍለጋ ወጡ። «አያችሁ» አሉ እማሆይ፣ «ልጅ ሲዘገይ ዳቦ ተይዞ ነው የሚወጣው፤ ዱላ አይያዝም።» ይህን ሲሉ ወደኔ አላዩም። እኔ ግን በቆሎዬን አስታወስሁ።

እንዲህ ነው ያደግነው። ብዙ ሰው የሃይማኖት አስተዳደግ ሲባል ምክርና ቁጣ ይመስለዋል። በቤታችን ምክር ጥቂት ነበር፤ ሥራ ግን ብዙ። ጧፍ የሚይዝ፣ ክር የሚወጥር፣ ውኃ የሚያፈስስ፣ ጥላ የሚሸከም ልጅ ነበርን። ታቦቱ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ እንኳ ምንጣፉን ከሚያነጥፉት ወጣቶች ኋላ ጠጠር እንለቅም ነበር። አንድም ቀን ተመልካች ሆነን አናውቅም። እኛ ባንኖር አንድ ነገር የሚጎድል መስሎን አደግን፤ ልጅ ደግሞ የሚጎድልበትን ቦታ ትቶ አይሄድም።

አድጌ አዲስ አበባ ስገባ፣ ትዳር ስመሠርት፣ ልጅ ሳገኝ ይህን ረሳሁት። ልጄን በ80 ቀኗ ክርስትና አስነሣን። ስታድግ ሰንበት ትምህርት ቤት አስገባናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ አድርሻት እመለሳለሁ፤ ሲያልቅ ሄጄ እወስዳታለሁ። መዝሙር ታጠናለች፣ ጥያቄ ትመልሳለች። መምህራኑ ይተጋሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ግን እጄን እየጎተተች «አባ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። ቆጣ እላለሁ፣ ዝም ትላለች። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እምነቱን ሌላ ሰው እንዲሰጣት ልኬ እኔ በር ላይ ቀርቼ ነበር።

የገባኝ ጎንደር ለጥምቀት በሄድሁበት ዓመት ነው። እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል። የአባቴን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል፤ ፊቴን የሚለየው በእጁ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ተነሥቼ ሳይ አባቴ በጨለማው ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆሟል፤ ዳዊቱ በማኅደሩ እንደተዘጋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰኞ ነበር። አንደኛውን ንጉሥ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ፣ ሦስተኛውን ጨረሰ። አንድም ቃል አልተሰናከለበትም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

«አባዬ፣ መቼ ነው በቃልህ የያዝኸው?» አልሁት ሲጨርስ።

«በቆሎ ተማሪነቴ ነዋ። ገና እናትህን ሳላገባ።»

ዝም አልሁ። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ጧፍ፣ ያ ሁሉ ብርድ በፊቴ አለፈ። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጧፍ ያስያዝኸን ለምንድን ነው?»

የማያይ ዓይኑን ወደኔ አዞረ። ፈገግ አለ። «እናንተን ለማየት ነዋ» አለኝ። «ጨለማ ነበር እኮ።»

ከጎንደር ስመለስ ከገበያ ጧፍ ገዝቼ መጣሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ መብራቱ ማብሪያው ተነክቶ የሚበራ ነው። እኔ ግን ማታ አጠፋሁትና ልጄን ጠራኋት። «የኔ ጧፍ ያዥ ትሆኛለሽ?» አልኋት። ስምንት ዓመቷ ነው። በሁለት እጇ ያዘችው። የምታውቀው ይመስል በትክክል አንድ ስንዝር አርቃ ያዘችው።

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ እናነባለን፤ ለልጅ ይበቃል። ከአባቴ የምለይበት አንድ ነገር አለ፤ እኔ በቃሌ አልያዝሁትም፣ ስለዚህ ብርሃኑ ከልቤ ያስፈልገኛል። ይህን ነግሬያታለሁ። «አንቺ ካልያዝሽልኝ አላነብም» ብያታለሁ፤ እውነት ነው። አሁን እሑድ ስንሄድ መገበሪያውን ይዛ የምታደርሰው እሷ ናት። የሚካኤልን ጽዋ ከጎረቤቶቻችን ጋር ጀምረናል፤ በማንቆርቆሪያ የምታስታጥበው እሷ ናት። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለቱን ከተወች ቆየች። የሆነ ሥራ ስላላት ይመስለኛል።

ባለፈው ሰኞ ማታ እያነበብሁ ጧፉ አጠረ። ሰሙ ወደ ጣቷ ሲወርድ ታየኝ፤ ሌላ ለኩሼ አቀበልኋት። በዚያው ዓይኔ ፊቷ ላይ ቀረ። ነበልባሉ ዓይኖቿ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይበራል፤ ከንፈሯ ሳይሰማ ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። ያነበብሁበት መስመር ጠፋኝና ዝም አልሁ።

ቀጣዩን ቃል እሷ አለችው።